ወደ ኮረብታው መስጊድ በራሴ ጎማ

ሕመሙ የጀመረኝ ከትከሻዎቼ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባዬ መሃል ላይ ነው። መርሳ ውስጥ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ጀርባውን ቢያመው ማን ይገረማል? እኔም አልተገረምኩም። ባለቤቴ ሁሴን ከአትክልት ቦታው ሲመለስ በቅባት ያሸኝ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የምገዛው ማስታገሻ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያበርደዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። ከድካም ሕመም የሚለየው አንድ ነገር ነበረው፤ ጋደም ብዬም አይለቀኝም። ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ተኝተው አርፈውም የማይለቅ የጀርባ ሕመም ዝም የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ ላብ መጣ። የመርሳ ሙቀት ነው አልኩ። ከዚያ ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ለሌላው በልክ የምሰፋዋ ሴት የራሴን ልብስ ማጥበብ ስጀምር ጎረቤቶቼ፣ “ሰዓዳ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?” ይሉኝ ጀመር። አላስልም። ሳል ስለሌለኝ ቲቢ የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ መኪናው ቆመ። ክር የተበጠሰ መሰለኝ። አልተበጠሰም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀኝ እግሬ ከፔዳሉ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደወረደ አላወቅሁም። በእጄ አንስቼ መለስኩት። እንደገና ወረደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ጫማ ከእግሬ ሲወልቅ አይታወቀኝም። ግድግዳ እየያዝኩ ሄድኩ። ግድግዳውም አልበቃኝ አለ። ሽንቴ ተዘጋ።

ሁሴን ተሸክሞ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኝ። ወልድያ ሄድን። ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አዙሮ ለረጅም ጊዜ አየው። “ሁለት የጀርባ አጥንቶች ተደርምሰዋል፤ ዛሬውኑ ደሴ ትሂድ” አለ። ለሁሴን ነው የነገረው። እኔ ግን ሰማሁት።

ደሴ ኤም አር አይ ተነሳሁ። ውጤቱን የነገረችኝ ወጣት ሐኪም ናት። ወንበሯን ወደ አልጋዬ ስባ ተቀመጠች።

“ሰዓዳ፣ ይህ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው። ፖትስ ዲዚዝ እንለዋለን። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ያንቺ አጥንትሽን ነው የበላው። የተጠራቀመው መግል ደግሞ ሕብለ ሰረሰርሽን ተጭኖታል።”

“እግሬ ይመለሳል?”

“መድኃኒቱን በትክክል ከጨረስሽ ቲቢው ይድናል። ይህን ደፍሬ እነግርሻለሁ። ስለ እግርሽ ግን ቃል መግባት አልችልም። ቶሎ ኦፕራሲዮን ከተደረግሽ ዕድል አለሽ።”

ምስሉን አሳየችኝ። ከአንገት እስከ ወገብ የሚወርድ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ መሃሉ ላይ ተጨፍልቆ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቆመኝ፣ ያስሮጠኝ፣ ለሱጁድ አጎንብሶ ያነሳኝ ያ ከትንሽ ጣቴ የማይወፍር ነገር ነው ለካ! ሱብሐነላህ አልኩ። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላኩኝ። ጀርባዬን ከፈቱት። መግሉን አጠቡት። አጥንቶቼን በብረት አሰሩት። ነቃሁ። እግሬን ፈለግሁት። የለም። ብርድ ልብሱ ሥር ሁለት እግሮች ይታዩኛል፤ የኔ መሆናቸውን የሚነግረኝ ዓይኔ ብቻ ነው።

ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ገባልኝ። መቀመጫዬ ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። አላመመኝም። የሚያስፈራው ይኸው አለማመሙ ነው። ነርሷ ለሁሴን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ጎን እንዴት እንደሚያገላብጠኝ አሳየችው። እሱም እንደ ሰዓት ደወል ሆነ። ማንጎና ፓፓያ ሲተክል የኖረ እጅ ቁስል ማጠብ ተማረ። አንድም ቀን ፊቱን አላዞረም። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ብዙ ቀን ውያለሁ።

የቲቢ መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ መጀመሪያ አራት ዓይነት፣ በኋላ ሁለት። ሽንቴ ቀላ። ደም መስሎኝ ጮህኩ። “ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒትሽ ቀለም ነው፣ አይዞሽ” አሉኝ። የምትጀምሩት ሁሉ ይህን ቀድማችሁ እወቁት።

አንድ ጠዋት እንቅስቃሴ የሚያሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት የግራ እግሬን አውራ ጣት እያየ፣ “ወደ ላይ ሳቢው” አለኝ። ሁልጊዜ የሚለኝ ነው። ሳብኩ። ምንም። “እንደገና።” ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ። ጣቴ ላይ ጎንበስ አለ።

“ምነው?” አልኩት።

“አንገትሽን ቀና አድርጊና ራስሽ እዪው።”

አየሁት። ጣቴ ተነቃነቀ። የሩዝ ፍሬ ያህል ነው የተንቀሳቀሰው፤ ግን የተንቀሳቀሰው እኔ ስላዘዝኩት ነው። ከጭንቅላቴ የወጣ ትእዛዝ ያን የተጨፈለቀ መስመር አልፎ፣ በብረቱ መሃል ሾልኮ፣ እስከ ጣቴ ጫፍ ደረሰ። ሁሴን እዚያው የሆስፒታሉ ወለል ላይ ሱጁድ ወረደ። ፊዚዮቴራፒስቱ ክርስቲያን ነው፤ ሁሴን እስኪነሳ ድረስ እግሬን በሁለት እጁ እንደያዘ ጠበቀው። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ብዙ ትልልቅ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ጣት ያስደነቀኝ የለም።

ወደ አገሬ ስመለስ መኪናው ውርጌሳን አልፎ ወደ መርሳ ሲቃረብ መስኮቱን አስከፍቼ የሜዳውን ሙቀት ፊቴ ላይ ተቀበልኩት። ቤቴ የገባሁት በዊልቸር ነው፤ ሁሴን ቀድሞ ሰው ልኮ የበሩን ደፍ አስነስቶ፣ ወለሉንም አስተካክሎ ስለነበረ ጎማው ሳይነጥር አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቴን አንድ ቀን ሳላጓድል፣ የተማርኩትን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ እየሠራሁ፣ ቀስ በቀስ ዎከር በሚሉት የብረት መደገፊያ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ግቢው ቧንቧ መራመድ ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬን በእጅ በሚዞር ቀየርኩና መስፋቴን ቀጠልኩ። መድኃኒቱን ስጨርስ የደሴዋ ሐኪም ቲቢው መጥፋቱን ነገረችኝ። እግሮቼ ግን ዛሬም ድረስ ይደክማሉ፤ አንዳንዴም ሳላዛቸው ይኮማተራሉ፤ ከግቢ ውጭ ያለ ዊልቸር አልሄድም። ዳንኩ ስል እንዲህ ሆኜ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ከመርሳ በላይ፣ በሐብሩ ተራሮች አንደኛው ኮረብታ ላይ፣ አባቶቻችን የሠሩት አሮጌ መስጊድ አለ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ምሰሶው ከነቁመቱ የቆመ ጥድ ነው። ለመውሊድና በመንዙማ ዜማ ዱዓ ለሚደረግበት ሐድራ ሕዝቡ ከየቀበሌው ይወጣል፤ አሁን አሁን ደግሞ ካሜራ ያነገቱ እንግዶች ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ይመጣሉ። መንገዱ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀምሮ እስከ በሩ ከድንጋይ የተጠረበ ደረጃ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሮጬ የምወጣው ደረጃ።

መውሊድ ሲቃረብ ጎረቤቶቼ፣ “አብሽሪ፣ ወንዶቹ ተሸክመው ያወጡሻል” አሉኝ።

“አልፈልግም” አልኩ።

ታምሜ ሳለሁ ስንት እጅ እንዳነሳኝ እኔ አውቃለሁ። ነፍሴን ለማትረፍ ነበርና አላህ ይስጣቸው። ለዱዓ ግን ቀሚሴ እየተገለጠ፣ የማላውቀው ጎረምሳ አንገት ላይ ተጠምጥሜ፣ እንግዳው ፎቶ እያነሳኝ አልወጣም። ሁሴንም ደረጃው ላይ ብቻውን አይችለኝም። ቤቴ ቀረሁ። የመንዙማው ድምፅ ከኮረብታው ላይ በነፋስ ሲመጣ በሩን ዘጋሁት። በዚህ ሁሉ ሕመም መሃል በጣም ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ሼኽ ይማም ቤቴ መጡ። የመስጊዱ ጠባቂ ናቸው፤ ቁርኣን ያስቀሩኝ፣ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዊልቸሬ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

“ለምን ቀረሽ ልጄ?”

“አባባ፣ በሰው ጀርባ መውጣት ከብዶኝ ነው። አንቱ አይቀየሙኝ።”

“አልተቀየምኩም።” ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። “በምን ብትወጪ ደስ ይልሻል?”

ከታመምኩ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያደርግልኝን ራሱ ያውቃል።

“በራሴ” አልኩ። “በዚህች ጎማ።”

የሚስቁብኝ መሰለኝ። አልሳቁም። “እንግዲህ እናማክር” ብለው ተነሱ።

መስጊዱ ጋ የሚደረገውን ምክክር ለኔ ሲሉ ወደ ታች አወረዱት። ሽማግሌዎቹ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ተሰበሰቡ፤ እኔም ከነወንበሬ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ከወልድያም የቅርስ ባለሙያ የሆነች ትዕግስት የምትባል ሴት መጥታ ነበር። የሰፈራችን ባለጸጋ ሐጂ ሰይድ ቀድመው ተናገሩ።

“ሰዓዳ ልጃችን ናት፤ ሕመሟ አሞናል። ግን ለአንድ ሰው ብለን አባቶቻችን የጠረቡትን ድንጋይ እናፍርስ?”

ሼኽ ይማም በቀስታ ጠየቁ። “አንድ ናት እንዴ? በየቤታችሁ የቀረው ማነው?”

መጀመሪያ የተናገረው አንድ የባጃጅ ነጂ ነው፤ “ወንድሜ” አለ፣ “ፖሊዮ ካገኘው ወዲህ በሩን አይቶት አያውቅም።” ሌላው፣ “እናቴ፣ ጉልበቷ” አለ። “አክስቴ፣ ዓይነ ስውሯ።” “ሕንፃ ሲሠራ ከስካፎልዲንግ የወደቀው ልጄ።” አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። በስም ይጠሯቸዋል። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አብረውኝ ያደጉ አሉባቸው። ከዓመት ዓመት ከኮረብታው መቅረታቸውን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ ሐጂ ሰይድ በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ፣ “ባለቤቴም” አሉ፣ “ከወደቀች ወዲህ አልወጣችም።”

ትዕግስት ተነሳች። “ደረጃው አይፈርስም፤ አንዱም ድንጋይ አይነካም” አለች። “ሲሚንቶም አናፈስም፤ እርጥበት አፍኖ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ ያበሰብሰዋል። የምንሠራው ነገር ነገ ቢነሳ መስጊዱ እንደነበረ መገኘት አለበት። እንዲህ ሆኖ ይቻላል። ኮረብታውን ዞረን እንየው።”

ዞረው አዩት። ከኮረብታው ጀርባ በጎን በጎን እየተጠማዘዘ የሚወጣ የድሮ የከብት መንገድ ነበረ፤ ወደ ሰሜኑ በር ያደርሳል። ሰፈሩ ወጥቶ መንገዱን አሰፋው፣ ጠጠር ለቅሞ አፈሩን ደለደለው። ከበሩ ፊት ያለውን ከፍታ የሚያሻግር ዘንበል ያለ የእንጨት መወጣጫ የሠራው የመርሳው አናጢ ጋሽ ታደሰ ነው።

የመጀመሪያው መወጣጫ አጭርና ቀጥ ያለ ነበር። እንድሞክረው ጠሩኝ። መሃሉ ላይ ስደርስ ክንዴ ዛለ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጮህኩ። ሁሴን ከኋላ ያዘኝ። ጋሽ ታደሰ ፊቱ አመድ መሰለ፤ “እኔ ላይ ይድረስ እህቴ” አለ። ትዕግስት ግን አልተቆጣችም። “እስቲ ሁላችሁም በየተራ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሞክሩት” አለች። ሐጂ ሰይድ ነጠላቸውን ሰብስበው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ጎማውን ገፉ። ትንሽ ሄዱ። ቆሙ። ላባቸውን ጠረጉና፣ “ያ ረቢ! ይህች ልጅ በክንዷ ብቻ ነው የምትኖረው?” አሉ። እንጨቱ በዚያው ቀን ተነሳ። ሁለተኛው ለአንድ ክንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ክንድ እንዲረዝም ተደርጎ ተሠራ፤ መሃሉ ላይ ጎማ የሚያርፍበት ሜዳ፣ ጠርዙ ላይ ጎማ የሚይዝ ከንፈር፣ በግራና በቀኝ መደገፊያ አለው። አንድም ምስማር መስጊዱን አልነካም።

የወጣሁበትን ጠዋት እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሁሴንን፣ “እጅህን ወደ ኋላ አጣምር” አልኩት፤ አጣምሮ ተከተለኝ። ከታች ማሽላው በቅሏል፣ በሲሪንቃ በኩል አውራ ጎዳናው እንደ ቀበቶ ይታያል፣ ወደ ሐራ ሜዳው በጉም ተሸፍኗል፤ ሮጬ በምወጣበት ዘመን ይህን ሁሉ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ክንዴ ሲደክም ባረፍኩ ቁጥር ኮረብታው አንድ አዲስ ነገር ያሳየኛል፤ እኔም ሳልቸኩል፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ እየገፋሁና እያረፍኩ ሰሜኑ በር ደረስኩ። “ቢስሚላህ” ብዬ ገባሁ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ያረጀ እንጨትና ሰሌን ይሸታል። ምሰሶዎቹ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ወጡልኝ። ሴቶች የሚቀመጡበት ማዕዘን ስደርስ ወንበሬን አቆምኩ። ሴቶቹ ሲቀመጡ ጀርባቸውን በሚሰጡት ግድግዳ ላይ፣ የቆመ ሰው ከማያይበት ዝቅታ፣ ልክ በዓይኔ ትይዩ፣ ጭቃው ላይ ጣቶች አሉ። አራት አራት ሆነው የተሳቡ መስመሮች፤ አንዳንዱ ሰፊ፣ አንዳንዱ የልጃገረድ የሚመስል ቀጭን። አንድ ቦታ ላይ ሙሉ መዳፍ አርፏል።

“አባባ!” ብዬ ተጣራሁ። ሼኽ ይማም መጥተው እየደከሙ አጠገቤ ቁጭ አሉ። አዩት።

“ምርጊቱን የመረጉት ሴቶች ናቸው ሲባል ከአባቴ ሰምቻለሁ” አሉ። “እኔ እዚህ አረጀሁ፤ ጣታቸውን ግን አላየሁም። አላህ ላንቺ አቆየው።”

መዳፌን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፤ አልነካሁትም። ሙቀት የተሰማኝ መሰለኝ። ስማቸውን የማናውቃቸው እነዚያ ሴቶች እንደኔ ተቀምጠው ነበር የሠሩት። እነሱ ቁጭ ብለው ያዩትን ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። እግሬ ባይደክም ኖሮ ሮጬ አልፌው እኖር ነበር። ሕመሙን አመሰገንኩት አልልም፤ ማንንም አይንካ። አላህን ግን በዚያች ሰዓት ፈራሁት፤ ከፍርሃቴም የተነሳ እንባዬ ወረደ።

አሁን እንግዶች ሲመጡ አስጎብኚው ዝቅ ብለው እንዲያዩት ያደርጋቸዋል። ማየት ለማይችሉም ትዕግስት አንድ ነገር አሰበች፤ የሰፈሩ ሴቶች ከበሩ ውጭ አንድ ሰሌዳ በዚያው ዓይነት ጭቃ መርገን ጣታችንን ሳብንበት፤ አሮጌው ግድግዳ ሳይነካ ጣታቸውን እዚያ እንዲያሳርፉ። የባጃጅ ነጂው ወንድም መንገዱ በተከፈተ በመጀመሪያው የሐድራ ሐሙስ በክራንቹ ወጣ፤ ምሰሶውን አቅፎ ቆመና ከዚያ አልንቀሳቀስ አለ። ማንም አላስቸኮለውም።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ጀርባችሁን የሚያማችሁ ትኖራላችሁ። ሕመሙ ከሳምንታት ካለፈ፣ ላብና ክሳት ከተከተለው፣ ሳል ባይኖራችሁም “ቲቢ ይሆን?” ብላችሁ ሐኪሙን ራሳችሁ ጠይቁ። እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ሽንታችሁ ከተዘጋ አንድ ቀን ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። መድኃኒቱን ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ፤ የሚያድነው እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ነው። የማይሰማችሁን ቆዳ በየቀኑ በመስታወት እዩት። አስታማሚ የሆናችሁ ደግሞ፣ በሽተኛችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ሁሴን ያደረገልኝ ይህን ነው። የደሴዋን ሐኪም የማይሆን ቃል ስላልገባችልኝ፣ ነርሷን ስለ ቁስሌ፣ ፊዚዮቴራፒስቱን ስለዚያ ጠዋት፣ ጋሽ ታደሰን የሠራውን አፍርሶ እንደገና ስለሠራ አመሰግናለሁ። አላህ ይክፈላቸው።

ቅርስ የሚጠብቁ፣ እንግዳ የሚቀበሉ ሰዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ ከመሥራታችሁ በፊት በወንበሩ የሚሄደውን ሰው ጥሩት፤ ሠርታችሁም ስትጨርሱ እሱ ይሞክረው። እናንተም እንደኔ የሆናችሁ፣ ተሸክመን እናውጣችሁ የሚሏችሁን አመስግኗቸውና መንገድ ጠይቋቸው። ለመጠየቅ አትፈሩ። ባለፈው ሐሙስ የሐጂ ሰይድ ባለቤት መደገፊያውን ይዛ፣ በከዘራዋ እየተመረኮዘች፣ እያረፈች ብቻዋን ወጣች፤ ማዕዘኑ ጋ አጠገቤ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት። እኔ ስጠይቅ ለራሴ ብቻ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር።